አስም ሲነሳ የአየር ቧንቧው ጡንቻ ምን ይሆናል?

ደሴ ላይ የጦሳ ተራራ የማለዳ ብርድ ከኩበት ጭስ ጋር ሲደረብ አስም ያለበት ሰው ደረት ሲር ሲር ማለት ይጀምራል። የአየር ቧንቧውን የከበበው ለስላሳ ጡንቻ ጠብቋል ማለት ነው። አየር ሳይናወጥ በሚፈስበት ቀጭን ቧንቧ የውስጡ ዲያሜትር በግማሽ ሲቀንስ፣ አየሩን የሚገታው ተቃውሞ 16 እጥፍ ይሆናል።

ይህ ጡንቻ እንደ ክንዳችን አይደለም። አንዴ ከጨበጠ በጥቂት ጉልበት ለረጅም ጊዜ ጨብጦ ይቆያል። የባሰው ደግሞ አጥሮ ሲቆይ ውስጡን ለዚያው አጭር ርዝመት አስተካክሎ እንደገና መበርታቱ ነው። ጤነኛ ሰው አየር በረጅሙ ሲስብ ሳንባው ጡንቻውን ይለጥጠዋል፤ ተያይዘው ጡንቻውን የሚያጠብቁት አክቲንና ማዮሲን የተባሉ ፕሮቲኖች ይላቀቃሉ፣ ቧንቧውም ይከፈታል። በአስም ግን ይህ መላላት ደካማ ነው፣ ቶሎም ይመለሳል። ስለዚህ እባካችሁ፣ የታፈነን ሰው «በደንብ ተንፍስ» እያላችሁ ጊዜ አታባክኑ፤ የአየር ቧንቧን የሚከፍተውን የሚነፋ መድኃኒት፣ ሳልቡታሞሉን፣ አምጡለት።

ስፔሰር (በመድኃኒቱና በአፍ መካከል የሚገባው ባዶ ዕቃ) ከሌለ ግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ይበቃል። ቂጡን በጋለ ሽቦ በመድኃኒቱ አፍ ልክ ብሱት፤ ቀዳዳው ከሰፋ መድኃኒቱ ያመልጣል። በሳሙና ውኃ አጥባችሁ ሳትወለውሉ አድርቁት፤ ከተወለወለ መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። የመድኃኒቱ ብልቃጥ ከቀዘቀዘ በእጅ አሙቁት፣ ናጡት፣ በቀዳዳው አስገብታችሁ አንዴ በመጫን ወደ ፕላስቲኩ ንፉና በፕላስቲኩ አፍ በኩል ከአምስት እስከ ስድስት ጊዜ በዝግታ አስተንፍሱት። ከዚያ ድገሙት። መናገር ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ግን መድኃኒቱን እየነፋችሁለት ወዲያው ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።