ጥቁሩ ውስጥ ድረስ

የምሠራው ከሮም ብዙም በማይርቀው በቸርቬቴሪ አካባቢ ባለ ትንሽ የሸክላ መሥሪያ ቤት ነው። ቡኬሮን እንደ ጥንቱ እንሠራለን። ቡኬሮ ኤትሩስካኖች የተባሉ የጥንት የጣሊያን ሕዝቦች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው ክፍለ ዘመን እዚሁ መሥራት የጀመሩት ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ሸክላ ነው። ከጥንቶቹ መካከል ግድግዳቸው 2 ሚሊሜትር የማይሞላ አሉ። እንደ ብረት ዕቃ ቀጭን፣ እንደ ብረት ዕቃ የሚያበራ! ቀለም ግን አይቀባም። ብርሃኑ የሚመጣው ጭቃው ጠፈፍ ሲል በለስላሳ ድንጋይ ከመታሸቱ ነው።

አንድ ጊዜ ለሠርግ የታዘዙ ባለ ሁለት ጆሮ ዋንጫዎችን ተኮስን። እቶኑ ሲከፈት ገሚሶቹ ጎናቸው እንደ ጡብ ቀልቶ ወጡ። ለካ በሩ ላይ የተመረገው ጭቃ ሌሊት ተሰንጥቆ፣ ዕቃው ገና ሳይቀዘቅዝ አየር ገብቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጭቃው ውስጥ ብረት አለ። እሳቱ አየር ካገኘ ብረቱ ሸክላውን ያቀላዋል። አየሩ ሲታፈን ግን እሳቱ ኦክስጅን አጥቶ ከጭቃው ይነጥቃል። ያኔ ቀዩ ብረት ይጠቁራል። እኛ አገር ጀበና ትኩሱን በቅጠል ወይም በገለባ ታፍኖ ሲጠቁር ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ታፍኖ የጠቆረው ግን ትኩስ እያለ አየር ካገኘ ተመልሶ ይቀላል።

ደንበኛው በማግስቱ ይመጣል። አንዱ የሥራ ባልደረባዬ "ጥቁር ሰም እንቀባውና እንስጠው፤ ማን ያውቃል?" አለ። የሸክላ ቤቱ ባለቤት አልመለሱለትም። ከደህናዎቹ አንዱን አንስተው ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሰበሩት። እኔ ያለሰለስኩት ነበርና አንጀቴ ተላወሰ። ስብራቱን አሳዩን። ከውጭ እስከ ውስጥ ጥቁር ነው።

"ሰውየው የከፈለው ለዚህ ነው" አሉ።

እውነታቸውን ነው። ሰም የተቀባ ዋንጫ ጫፉ በተላጠ ቀን ቀይ ሆኖ ይገኛል። ያ ደግሞ ቡኬሮ አይደለም፤ ቡኬሮ መስሎ የተሸጠ ሌላ ዕቃ ነው።

ለደንበኛው ደውለን እውነቱን ነገርነው። ቅር ቢለውም ጠበቀን። የቀሉትን መልሰን እቶን ከተትናቸው። እሳቱ ከልክ ካላለፈ ቡኬሮ እንደገና ታፍኖ ይጠቁራል። ጥቂቶቹ ተሰነጠቁ፤ የቀሩት ዳኑ። አሁን በሩን ሁለት ጊዜ እንመርጋለን። ሌሊትም አንዳችን እናድራለን፤ ጭስ የሚያፈተልክበት ስንጥቅ ከታየ ወዲያው በእርጥብ ጭቃ ይደፈናል።