ጅማ ዙሪያ፣ ቡና መሃል መሮጥ

ሩጫ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ እንጦጦ፣ ስለ ሱሉልታ ወይም ስለ በቆጂ ነው። እውነት ነው፣ ቀነኒሳም ጥሩነሽም የበቆጂ ልጆች ናቸው። ጅማን ግን የሚያነሳት የለም። እኔ ደግሞ ለእግር የሚመች መሬት ከተባለ ከጅማ ዙሪያ ጋር የሚወዳደር አላየሁም፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር እከራከራለሁ።

ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታው ከእንጦጦ በጣም ስለሚያንስ ለጀማሪ ትንፋሽ አያስቸግርም። ዙሪያዋን ኮረብታ ነው፤ በየትኛውም በኩል ብትወጡ ዳገት አታጡም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ጅሬንን ሞክሩ። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለው እዚያ ኮረብታ ላይ ነው። ከመሃል ከተማ ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። መጨረሻው ላይ ዳገቱ ጠንከር ይላል፤ እዚያ ጋ እርምጃችሁን አሳጥሩ እንጂ አትቁሙ። ላይ ስትደርሱ ከተማዋ እንዳለ ከታች ትታያለች። ሐሙስ ከሆነ ግን በጠዋት ውጡ፤ የገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱ በሰው፣ በአህያና በጋሪ ይሞላል።

እኔን የያዘኝ ግን የቡናው ጫካ ነው። በማና ወይም በሰቃ ጨቆርሳ በኩል ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ስትሉ ቀጭን የእግር መንገዶች ይጀምራሉ። ከላይ ዋንዛ፣ ሰሳና ብርብራ፣ ከሥር ቡና። ፀሐይ እንደልቧ አትገባም። መሬቱ ላይ የተጠራቀመው ቅጠል ለጉልበት ይራራል፤ አስፓልት ላይ ጉልበቱን ያመመው ሰው እዚህ ቢሮጥ ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ቅርንጫፉ ሲንኮሻኮሽ ትሰማላችሁ፤ ዝናብ ጠብ ባለ በሳምንት በአስር ቀኑ፣ የካቲት መጋቢት ላይ ደግሞ ቡናው ሲያብብ ሽታው ሌላ ነው፣ በረጅሙ እየተነፈስኩ ስሮጥ ደረቴ ድረስ የሚገባ ይመስለኛል።

እነዚህን መንገዶች ለሯጭ ብሎ የከፈታቸው ማንም የለም። ውሃ የሚቀዱ ሴቶች፣ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች፣ ቡና የጫኑ በቅሎዎች ሲመላለሱባቸው ነው የተከፈቱት። ለቀማ ከመድረሱ በፊት ደግሞ ገበሬው ከቡናው ሥር ያለውን ቁጥቋጦ ይመነጥራል፤ ጫካው ወለል ብሎ የሚከፈተውም ያኔ ነው። ምንጣሮው በየቦታው ሹል ጉቶ ይተዋል። በቅጠል ስለሚሸፈን አይታይም፣ ቀጭን ሶል ደግሞ ይበሳል። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ዓይናችሁን ከመሬት አትንቀሉ። ጫማችሁም ወፍራምና ጥርስ ያለው ሶል ይኑረው፤ ሳልባጅ ተራ በደንብ ከፈለጋችሁ ታገኛላችሁ፣ የግድ አዲስ መሆን የለበትም።

አዲስ አበባ ያሉ ሯጮች ባህር ዛፍ ውስጥ ሲለማመዱ በተርታ ሆነው፣ የፊተኛውን እግር እየተከተሉ በዛፎቹ መሃል ይጠማዘዛሉ። ግሩም ልምምድ ነው፤ ቁርጭምጭሚት ያጠነክራል። ቡና ውስጥ ግን እንዳታደርጉት። ቡና የሚያፈራው አዲስ ቅርንጫፍ ላይ ነው፣ በትከሻችሁ ገፍታችሁ የሰበራችሁት ቅርንጫፍ የሰው ገንዘብ ነው። ከእግር መንገዱ አትውጡ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ለቀማው ሲጦፍ ደግሞ ጥበቃም አለ፤ ቡና መሃል ለመሃል የሚሮጥ እንግዳ ቢጠረጠር አይገርምም። በእነዚህ ወራት ወይ ከአካባቢው ልጅ ጋር እሮጣለሁ፣ ወይ ኮሮኮንቹን ይዤ በዳር በዳር እሄዳለሁ።

ሰላምታ አትርሱ። ገጠር ውስጥ በጠዋት የሚሮጥ ሰው ከታየ ሰው የታመመ ወይም የሆነ ነገር የደረሰ ነው የሚመስለው። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ በቅሎአቸውን አቁመው «ልጄ፣ ምን ደረሰ? ሰላም አይደለም እንዴ?» አሉኝ። «ሰላም ነው አባቴ፣ ስፖርት ነው» አልኳቸው። «በል ጉልበቱን ይስጥህ» ብለው መርቀውኝ አለፉ። ኦሮምኛ ባትችሉ እንኳ «አካም ቡልተኒ» (እንዴት አደራችሁ) ለማለት ምንም አይከብድም፤ ፍጥነት ቀንሶ ሰላም ያለን ሰው ማንም በክፉ አያየውም።

ክረምት ላይ ነገሩ ይለወጣል። ቀዩ አፈር ዝናብ ሲጠግብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ዳር ዳሩን ሣሩ ላይ መሮጥ ይሻላል። ጉንዳን መንገድ ሲያቋርጥ ካያችሁ ዘላችሁ እለፉ፣ አጠገቡ ቆማችሁ የጫማ ክር አትሰሩ። ቦዬ የሚባለው ረግረግ አካባቢ ሜዳ ነው ብላችሁ ለመሮጥ ካሰባችሁ ደግሞ ጉማሬ መኖሩን አትርሱ። ማታ ወጥቶ ሣር ሲግጥ ነው የሚያድረው፤ ጨለማው ሳይለቅ ወይም ሲመሽ ውሃው ዳር አትጠጉ።

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ድሮ ሙሉ በሙሉ በጥላ የምሮጥባቸው አንዳንድ ተረተሮች ዛሬ ጫት ሆነዋል፣ አንዳንዱም ባህር ዛፍ። ገበሬውን አልፈርድበትም። ጫት በዓመት ብዙ ጊዜ ይቆረጣል፣ ቡና ግን በዓመት አንዴ ነው የሚለቀመው፣ ዋጋውም ይወጣል ይወርዳል። ግን ቡናው ሲነቀል የጥላ ዛፉም አብሮ ይቆረጣል፣ ከዚያ ጉሬዛውም ምንጩም ይሸሻል። ለዚህ ነው ስለ ቡና ዋጋ ሲወራ ጆሮዬን የምጥለው። ቡናው ለገበሬው ካላዋጣ እኔ የምሮጥበት ጫካም አይኖርም።

የተፈጥሮ ጫካ ማየት ከፈለጋችሁ በለጠ ወደሚባለው ደን ሂዱ። በቦንጋ መንገድ ወደ ሸቤ ስትጓዙ፣ ከጅማ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቀረሮ የሚባለው ዛፍ አንገት እስኪያም ድረስ ቀና ብላችሁ የምታዩት ነው፣ ቡናውም ማንም ሳይተክለው ከሥሩ ይበቅላል። ጫካውን የሚጠብቁት ዋቡብ የሚባሉ የነዋሪው ማኅበራት ናቸው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሰው ጠይቁ፣ መንገድ የሚያውቅ ልጅም ይዛችሁ ግቡ፣ የሚገባውንም ክፈሉት። ብቻችሁን አትሂዱ፤ ውስጥ መንገዱ ብዙ ቦታ ስለሚከፈል የቱ በየት እንደሚያወጣ ለእንግዳ አይለይም። ውሃም ከጅማ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከመግባታችሁ በፊት ደግሞ በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለሆነ ሰው ተናገሩ።