የታኅሣሥ 16 ዶሮዎች

በ2006 ዓ.ም. መንዝ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ተጠሪ ነበርኩ። ያን ዓመት አንዲት ወጣት የውጭ አገር መምህርት በፈቃደኝነት መጥታ ዘጠነኛ ክፍልን ታስተምርልን ነበር። ኅዳር ላይ ቢሮዬ ገብታ ገናን በቤቷ ማክበር እንደምትፈልግና ሁላችንንም እንደምትጋብዝ ነገረችኝ። «በዚያ ቀን ትምህርት የለም፤ ዶሮ ይታረዳል፤ እንመጣለን» አልኳት። እሷ የተናገረችው በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ የሰማሁት በአማርኛ። «ክሪስማስ» የሚለውን ያን ቃል 11 ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ «ገና» ብዬ ስፈታ ኖሬአለሁ።

ረቡዕ ታኅሣሥ 16 በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የክፍል አለቃው መጣ። «ቲቸር አልመጣችም።» በሦስተኛውም እንዲሁ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ የመቆጣጠሪያ መዝገቡን አስይዘው ምክንያቱን አጣርቼ እንድሞላ አዘዙኝ። ታማ ይሆናል ብዬ ሰጋሁ፤ የመንዝ የታኅሣሥ ውርጭ አገሬውንም አይምር። መዝገቡን በብብቴ ይዤ ገሰገስኩ።

በሩን ከፈተችልኝ። የጽድ ቅርንጫፍ በቆርቆሮ ተተክሎ የወረቀት ኮከብ ተንጠልጥሎበታል። ጠረጴዛው ላይ ስምንት ሳሕን ተደርድሯል። ከጠረጴዛው እግር ጋር የታሰሩ ሁለት ዶሮዎች ያፈጡብኛል። «አረፈድክ» አለችና ቢላዋ አቀበለችኝ። ሴት ዶሮ አታርድም ስለተባለች ከጠዋት ጀምሮ ወንድ ስትጠብቅ ነበር።

በአንድ እጄ መዝገብ፣ በሌላው ቢላዋ፤ ነቢያትን ደግሞ ከያዝን ወር አልፎናል። ያውም ረቡዕ! ጾሙን ለምን እንዳልነገሯት አከራይዋን ብጠይቃቸው፣ «እኔ ምን አውቄ መምህር፤ የእነሱ ሃይማኖት ይፈቅድላቸው ይሆናል ብዬ ነዋ» አሉኝ። እሳቸው ምን ያድርጉ? ባዕዳኑ የሚያከብሩበትን ቀን ከመማሪያ መጽሐፍ አንብቤ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ሥር ቆመን ተማመንን። የእሷ ዲሴምበር 25 በእኛ 16 ላይ ዋለ፤ የእኛ 29 በእሷ ጃንዋሪ 7 ላይ። የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 13ኛ በ1582 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 10 ቀን ከዘለሉ በኋላ ልዩነቱ እየሰፋ ዛሬ 13 ደርሷል። ይህን ሳስረዳት ሳቀች፤ ከዚያ ወደ ሳሕኖቹ ዞረችና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከቤተሰቧ ርቃ የዋለችበት የመጀመሪያ በዓሏ ነበር።

በዘጠኝ ሰዓት መምህራኑን ሰብስቤ መጣሁ። አከራይዋ የገብስ እንጀራ በሽሮና በስልጆ አቀረቡ። በዕንቁላልና በቅቤ የጋገረችውን ኬክ ጾም ያልጀመሩት የግቢው ሕፃናት ተሻሙበት። ስልጆው አፍንጫዋ ድረስ ሲወጣባት የበዓሉ ትልቁ ሳቅ ያን ጊዜ ሆነ። ዶሮዎቹ እስከ 29 ጥሬ ሲለቅሙ ሰነበቱ፤ የዚያን ዕለት ቢላዋውን የተቀበልኳት ያለ ክርክር ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ መምህር ለበዓል ፈቃድ ሲጠይቀኝ የበዓሉን ስም ትቼ ቀኑን አጽፈዋለሁ።

መዝገቡን ያኔውኑ ማታ ሞልቼ ነበር። «የቀረችበት ምክንያት» ከሚለው ሥር «ገና» ብዬ ጻፍኩ። ሐሙስ ጠዋት ከምክትል ርዕሰ መምህሩ ተመለሰልኝ። በቀይ ብዕር እንዲህ ይላል፦ «ገና፣ ገና ነው።»