መስመሩ ሲያዝ ሂሳቡን ማን ይክፈል?

ብዙ የድርጅት ባለቤቶች ልብ ያላሉት አንድ ነገር አለ። ስልካችሁ ሲጠራ ደዋዩ አይከፍልም። «ተይዟል» ሲባልም አይከፍልም። ማሽኑ አንስቶ «እንኳን ወደ ድርጅታችን በደህና መጡ» ካለበት ሰከንድ ጀምሮ ግን ሂሳቡ ይቆጥራል። ሰውዬው ገና ሰው አላገኘም። ጥያቄውን አልጠየቀም። ሙዚቃ እየሰማ ካርዱ እያለቀ ነው።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ለድርጅቶች የቢሮ ስልክ እገጥማለሁ። ክሊኒክ፣ እንግዳ ማረፊያ፣ ጋራዥ፣ የግንባታ ዕቃ አስመጪ፣ ትምህርት ቤት፣ ያልገባሁበት ዓይነት ቤት የለም ማለት ይቻላል። ባለቤቶቹ ቀድመው የሚያነሱት ስለ ሙዚቃው ነው። «ሲጠብቁ የሚሰሙት ቆንጆ ነገር አድርግልን፣ ትልቅ ድርጅት እንዲመስል» ይሉኛል። ስለሚጠብቀው ሰው የሚጠይቀኝ በጣም ጥቂት ነው።

እስቲ ደዋዩ ማን እንደሆነ እናስብ። ኢንተርኔት ያለው ወጣት ቴሌግራም ላይ ይጽፋል፣ መልሱን እስኪያገኝ ሌላ ሥራውን ይሠራል። የሚደውለው በአብዛኛው ሌላ መንገድ የሌለው ሰው ነው። ስማርት ስልክ የሌላቸው እናት፣ ማንበብ የሚቸግራቸው አባት፣ መሪ የያዘ ሹፌር። ታክሲ የሚጠሩትን ተመልከቱ። መተግበሪያ የሌለው ሰው ለራይድ 8294፣ ለፈረስ 6090 ደውሎ መኪና ያስመጣል። ስልኩ የነዚህ ሰዎች በር ነው። ባለጉዳይ በር ላይ አቁሞ በየደቂቃው ማስከፈል ነውር እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በስልክ ሲሆን ግን ልማድ ሆነና ማንም አይደነግጥም።

አንድ ክሊኒክ ውስጥ አዲስ የገጠምኩትን መስመር ከእንግዳ ተቀባይዋ ጋር ስንፈትሽ አንድ ጥሪ ገባ። ድምፁ በስፒከር ይሰማ ነበር። እናት ናቸው። ማሽኑ ሲያነሳ እሳቸው ሰላምታ ጀመሩ። «እንደምን አደራችሁ ልጆቼ? ሁላችሁም ደህና ናችሁ?» ማሽኑ «ለአማርኛ 1ን ይጫኑ» አላቸው። «አቤት የኔ ልጅ? አልሰማሁሽም» አሉ። ማሽኑ ደገመላቸው። እሳቸውም ደገሙ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። እንግዳ ተቀባይዋ ቁጥሩን አይታ ወዲያው መልሳ ደወለችላቸው፤ ተባረኪ። ያን ቀን ከባለቤቱ ጋር ተነጋግረን ምርጫ የሚያስነካውን ነገር በሙሉ አነሳነው። አምስት ሰው የሚሠራበት ቤት ምን ምርጫ ያስፈልገዋል? ሰው ያንሳ፣ ሰው ካልቻለ ደግሞ «ተይዟል» ይበል።

«ተይዟል» የሚለውን ድምፅ ባለቤቶች ይፈሩታል። ደንበኛ ያሸሻል ብለው ነው። እኔ ግን ከረጅም ሙዚቃ እመርጠዋለሁ። ደዋዩ እውነቱን ያውቃል፣ ገንዘቡ አይነካም፣ ቆይቶ ይሞክራል። ስለዚህ ተራ የሚያስይዝ ስልክ ስገጥም የሚጠብቁትን ሰዎች ቁጥር እገድበዋለሁ። ሁለት ሰው እየጠበቀ ከሆነ ሦስተኛው «ተይዟል» ይስማ። ወረፋ ውስጥ ላሉት ደግሞ ስንተኛ እንደሆኑ ይነገራቸው። «ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው» የሚለውን በየግማሽ ደቂቃው መደጋገም ምንም አይጨምርላቸውም። «ከእርስዎ በፊት አንድ ሰው አለ» መባል ግን ይጠቅማቸዋል። ልጠብቅ ወይስ ልዝጋ የሚለውን የሚወስኑት በዚህ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ስልኩን ከማቀፊያው አንስቶ ጠረጴዛ ላይ ማጋደም። ጠዋት ፊት ለፊት ሰው ሲበዛ ብዙ ቦታ ይደረጋል። መስመሩ ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት «ተይዟል» ይላል፤ የያዘው ግን ማንም የለም። አንድ ጊዜ አንዲት ክሊኒክ ኬብል እየዘረጋሁ አንድ አባት ከደብረ ብርሃን ልጃቸውን ይዘው መጡ። 130 ኪሎ ሜትር ነው። ሌሊት ተነስተው፣ ላምበረት ወርደው፣ ሌላ ታክሲ ይዘው ነው የደረሱት። ሐኪሙ ያን ቀን የለም። «ትናንት ቀኑን ሙሉ ደወልኩ እኮ፣ አይገባም» አሉ፤ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። ሊጠይቁ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ዶክተሩ ነገ አለ ወይ? መልሱ አምስት ሰከንድ አይፈጅም። ስልኩ እኔ ቆሜ ባለሁበት ሰዓትም ጠረጴዛው ላይ ተጋድሞ ነበር።

እንግዳ ተቀባይዋን ልጅ አልወቅስም። ካርድ የምታወጣው እሷ ናት። ገንዘብ የምትቀበለው እሷ፣ ወረፋ የምታስይዘው እሷ፣ «ሽንት ቤቱ የት ነው» ለሚለው የምትመልሰውም እሷ። ስልኩን ያጋደመችው ፊቷ የቆሙት ሰዎች ስለተቆጧት ነው። ፊት ለፊት ያለው ሰው ይታያል፣ ስልክ ላይ ያለው አይታይም። ይህን ማስተካከል የባለቤቱ ሥራ ነው። እሷን «ስልክ አታነሺም» ብሎ መቆጣት ምንም አይፈይድም።

እዚህ ላይ ባለቤቶች ሁልጊዜ የሚሉኝ ነገር አለ። «በሰዓት አሥር ሰው ቢደውል ነው፣ አንድ መስመር ምን አነሰው?» ሒሳቡ ሲታይ እውነት ይመስላል። አሥር ሰው ሦስት ሦስት ደቂቃ ቢያወራ ሠላሳ ደቂቃ ነው። ግማሹ ሰዓት ባዶ ይተርፋል። ችግሩ ሰው ተራ ጠብቆ አይደውልም። አንዳንዴ ለሃያ ደቂቃ ዝም ይልና ሦስቱ ባንድ ጊዜ ይመጣሉ።

ይህን ነገር ከመቶ ዓመት በፊት ቁጭ ብሎ ያሰላው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ የሚባል ዴንማርካዊ የሒሳብ ሊቅ ነው። የኮፐንሃገን ስልክ ኩባንያ ሠራተኛ ነበር። የመጀመሪያውን ጽሑፉን እ.ኤ.አ. በ1909 አወጣ፣ ዛሬም የምንሠራባቸውን ቀመሮች ደግሞ በ1917። የስልክ ጭነት የሚለካበት አሃድ እስካሁን በስሙ ይጠራል። በእሱ ቀመር ያንን የአሥር ሰው ምሳሌ ብናሰላው፣ አንድ መስመር ካለ ከ3 ደዋይ 1ዱ «ተይዟል» ይሰማል። ግማሹ ሰዓት ባዶ እያለ! ሁለተኛ መስመር ሲጨመር ከ13 ሰው 1 ይሆናል። ሦስተኛ ሲጨመር ከ79 ሰው 1።

መስመር ብቻውን ግን አይናገርም፣ የሚያነሳው ሰው ይፈልጋል። ሁለት መስመር ይዞ አንድ ሰው ማስቀመጥ ወረፋውን ከውጭ ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። የኤርላንግን ሌላውን ቀመር እንውሰድ። በሰዓት 18 ጥሪ ይመጣል እንበል፣ እያንዳንዱ በአማካይ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። አንድ ሰው ብቻ የሚያነሳ ከሆነ ደዋዩ በአማካይ 27 ደቂቃ መጠበቅ አለበት። በእውኑ ዓለም ማንም ያን ያህል አይጠብቅም፣ ዘግቶ ወደ ጎረቤት ድርጅት ይደውላል። ሁለተኛ ሰው ሲጨመር ግን ያ 27 ደቂቃ ከአንድ ደቂቃ በታች ይወርዳል። ይህን ለባለቤቶች በወረቀት ጽፌ ሳሳያቸው ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። ሁለተኛው ሰው ቀኑን ሙሉ ስልክ ጋ መቀመጥ የለበትም። ፋይል ሲያደራጅ የሚውለው ልጅ ጠዋት ከሁለት ተኩል እስከ አራት ተኩል ጠረጴዛው ላይ ስልክ ቢኖረው ይበቃል።

ሰው መጨመር የማይችል ድርጅትም አለ፤ ይገባኛል። ያን ጊዜ የምለው አንድ ነገር ነው። አንሱ፣ ስምና ቁጥር ያዙ፣ ዝጉ፣ መልሳችሁ ደውሉ። ሂሳቡን እናንተ ክፈሉ። «አንዴ ይጠብቁኝ» ብሎ ስልኩን አስቀምጦ ሰባት ደቂቃ መጥፋት ይቅር። «አሁን ሰው እያስተናገድኩ ነው፣ ከአምስት ሰዓት በፊት ራሴ እደውልልዎታለሁ» ይባል። ሰዓቱ መነገር አለበት። «እንደውላለን» ብቻ ከተባለ አገራችን ውስጥ ማንም አያምንም፣ አለማመኑም ትክክል ነው።

ለዚህ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። የተሰመረ ደብተር ይበቃል። ስም፣ ቁጥር፣ የደወሉበት ሰዓት፣ የፈለጉት ነገር፣ መልሰን ደወልን ወይ? የመጨረሻዋ ሳጥን ናት ዋናዋ። ባለቤቱ ማታ ከመሄዱ በፊት ባዶ የቀረች ሳጥን ካለች ይጠይቅ። ያመለጡ ጥሪዎችንም እዚያው መገልበጥ ይቻላል፤ ማሽኑ ይመዘግባቸዋል። አንዳንድ ቤት እንዲህ ያለው መዝገብ ስገጥም ተከፍቶ ከዚያ በኋላ ማንም አይቶት አያውቅም። ስንት ሰው ደውሎ እንዳጣቸው እዚያ ቁጭ ብሏል።

መልሶ ሲደወል አንድ የምትሳት ነገር አለች። ከፒቢኤክስ፣ ማለትም የቢሮውን ስልኮች ከሚያገናኘው ማሽን፣ የወጣ ጥሪ ደንበኛው ስልክ ላይ የሚታየው በዋናው ቁጥር ነው። እሱ ሳያነሳ ቀርቶ መልሶ ቢደውል የሚያገኘው የደወለለትን ሰው አይደለም፣ ከበሩ ይጀምራል። ሌላ ሰው ያነሳና «ማን ደወለልዎት?» ይለዋል። እሱ አያውቅም። ስለዚህ ካላነሳ አጭር መልእክት ላኩለት፣ ማን እንደደወለና ለምን እንደሆነ ጻፉ። ደብተሩም ሁሉም ሰው የሚያየው ቦታ ይቀመጥ።

ስለ ምሳ ሰዓትም ልናገር፣ ምክንያቱም ያናድደኛል። ሠራተኛ ሰው ለግል ጉዳዩ መደወል የሚችለው ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ነው። በዚያችው ሰዓት ደግሞ እኛ ሁላችንም አብረን ምሳ እንወጣለን። ስልኩ ባዶ ቢሮ ውስጥ ይጮኻል። በፈረቃ መብላት ምን ይከብዳል? አንዱ አምስት ተኩል ላይ ይውጣ፣ ሌላው ስድስት ተኩል ላይ። አሜሪካ ያሉ ልጆች ለወላጆቻቸው ሕክምና ሊከፍሉ ሲደውሉም እንደዚሁ ነው። ዋሽንግተን ረፋድ ሲሆን እዚህ ቀኑ እየመሸ ነው፣ ጥበቃው አንስቶ «ነገ ይደውሉ» ይላል። ጥበቃው ጋም ደብተር ይኑር። ቁጥር መጻፍ ይችላል።

አንድ ሞባይል ብቻ ይዞ የሚሠራ ባለሱቅ ወይም ባለጋራዥ «ይሄ ሁሉ ለትልልቆቹ ነው» ሊል ይችላል። አይደለም። በጂኤስኤም (በሞባይል ኔትወርክ) አሠራር **67* ብላችሁ የሌላ ሰው ቁጥር፣ ከዚያ # ጨምራችሁ ከደወላችሁ፣ ስልካችሁ ሲያዝ ጥሪው ወደዚያ ሰው ያልፋል። ##67# ደግሞ ያጠፋዋል። ወደዚያ ሰው የተላለፈው ጥሪ ሂሳብ በእናንተ ላይ ነው የሚቆጠረው፣ የምወደውም ለዚህ ነው። ቁጥሩን የምታስገቡለትን ሰው ግን አስቀድማችሁ ንገሩት። ሚስት ትሁን ወንድም፣ የሥራችሁን ዋጋና የሥራ ሰዓት ይወቅ፣ «እኔ አላውቅም» ብሎ አይዝጋ። ከዚያ ሞክሩት። ከአንዱ ጋር እያወራችሁ እያለ ሌላ ጓደኛ ይደውልላችሁና የት እንደሚገባ ይንገራችሁ። አልገባም ካለ የቴሌ አገልግሎት መስጫ ሄዳችሁ ጥሪ ማስተላለፊያውን እንዲከፍቱላችሁ ጠይቁ።