ከማጀት ወደ ጓሮ

ዛሬ ጠዋት የኮምፖስቱን ክምር ከፈትኩት፤ ከማጀት ልጣጭና ከደረቅ ቅጠል የሚበሰብሰውን የተፈጥሮ ማዳበሪያ ማለቴ ነው። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ የከመርኩት ነው፤ ሦስት ወር አልፎታል። ላዩ ላይ ያለበስኩትን ጆንያ ገልጬ በአካፋ ስዝቅ ጥቁር፣ ፍርክስክስ ያለ አፈር ወጣ። በእጄ ዘግኜ አሸተትኩት። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ከመሬት የሚነሳው ሽታ አለው። የሽንኩርቱ ልጣጭ የለም፣ የጎመኑ አንጓ የለም፣ የሙዙም የለም። የእንቁላል ቅርፊት ብቻ እዚህም እዚያም ነጣ ነጣ ይላል። አፈሩን እንደያዝኩ ብዙ ቆየሁ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

አምና እንዲህ አልነበረም። በክረምት ጀመርኩና የማጀቱን ልጣጭ ብቻ አሮጌ በርሜል ውስጥ ማጨቅ ያዝኩ። ዝናቡ ገባበት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ግቢው ሸተተ፣ ዝንቡም ቤት ድረስ ዘለቀ። ጎረቤቴ በሩን አንኳኩታ ስትጠይቀኝ መልስ አጣሁ። ልተወው ወስኜ ነበር።

እናቴ ለጥየቃ ከጎጃም መጥታ በርሜሉን አየችው። «ልጄ፣ እርጥቡን በእርጥብ ላይ ደርበሽው እንዴት አይሸት? ደረቅ ነገር ስጪው እንጂ፤ ይተንፍስ» አለችኝ። እሷ ኮምፖስት የሚባል ቃል አታውቅም። ግን ዕድሜዋን ሙሉ አመዱን፣ የበረቱን ፍግ፣ የጤፉን ገለባ ከቤት ጀርባ ስትደፋ ኖራለች። ልጆች ሳለን ትልልቁ ዱባ የሚገኘው እዚያው ነበር፤ ማንም ሳይተክለው።

ያለችው ልክ ነው። ልጣጩን ወደ አፈር የሚለውጡት በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት አየር ይፈልጋሉ። አየር ሲያጡ ያለ አየር የሚኖሩት ቦታውን ይይዙታል፤ ያ ሁሉ ሽታ ከእነሱ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ ዘንድሮ ክረምቱ እስኪወጣ ጠበቅሁ። ከታች ጭራሮ ረበረብኩ። ቀጥሎ ደረቅ ሣርና ቅጠል፣ ከዚያ የማጀቱን፣ ከዚያ ከሰፈር ከብት አርቢ ያመጣሁትን እበት፣ ስስ አፈርና ትንሽ አመድ፤ እንደገና ደረቁን። ለእንቁጣጣሽ የጎዘጎዝኩት ቄጠማ ሳይቀር ገብቷል። የቡና አተላ በየቀኑ አለ፤ ቤታችን ቡና አይቋረጥም። ሥጋ፣ አጥንትና ዘይት የነካው ምግብ ግን አይጥ ስለሚጠራ አላስጠጋም። የባሕር ዛፍ ቅጠልም እንዲሁ፤ ቶሎ አይበሰብስም፣ ለቡቃያም አይስማማም።

መሐሉ ላይ አንድ ረጅም እንጨት ሰክቼ ነበር። በአራተኛው ቀን ስነቅለው ጫፉ እጅ ያቃጥላል። እሳት የለ፣ ፀሐይ አልነካው! በደንብ የተሠራ ክምር ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይደርሳል፤ የአረሙን ዘር የሚገድለው ይህ ሙቀት ነው። እንጨቱ ደርቆ ከወጣ ውኃ አርከፈክፋለሁ፤ ቀዝቅዞ ከወጣ ክምሩን እገለብጠዋለሁ። ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላገኘሁም።

እናቴ ስልክ ላይ «ዩሪያን ያክላል?» ብላ ጠይቃኛለች። አጎቴ በየዓመቱ ለማዳበሪያ ስንት እንደሚያወጣ ስለምታውቅ ነው። የትግራይን ነገር ነገርኳት። የዕፅዋት ሳይንቲስቶቹ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ከገበሬዎች ጋር ሲሠሩ፣ በኮምፖስት የተዘራው ማሳ ብዙ ጊዜ በኬሚካል ማዳበሪያ ከተዘራው ያላነሰ ምርት ሰጥቷል። ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ ለአጎትሽም ንገሪው» አለች።

እኔን ወደዚህ ሥራ የገፋኝ ግን የአዲስ አበባው ቆሻሻ መጣያ፣ ቆሼ ነው። መጋቢት 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ሲሞት ያየሁት ምስል እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። እዚያ ከሚደፋው አብዛኛው የሚበሰብስ ነገር ነው። የኔም የሽንኩርት ልጣጭ በፌስታል ታስሮ እዚያ ሲሄድ ኖሯል። አሁን ከቤታችን የሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በታች ሆኗል።

ከሰዓት በኋላ ለቆስጣው መደብ ሁለት ባልዲ በተንኩና ከአፈሩ ጋር ቀላቀልኩት። ችግኞቹን ተክዬ ውኃ ሳጠጣ፣ ሙቀቱ ባልደረሰበት በክምሩ ጠርዝ ላይ ሁለት ቅጠል ያወጣ ነገር አየሁ። ዱባ ነው። ፎቶ አንስቼ ለእናቴ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

«እንዳትነቅይው» አለችኝ።