ሦስተኛዋ እጅ

«ወንድሜ፣ ይቺ እጅ የማን ናት?»

ልተኛ ስል ይመጣብኛል። ጥርሴን ስፍቅ ይመጣብኛል። ጓደኞቼ ስለ ኳስ ሲጨቃጨቁ እኔ ኮምቦልቻ ያለ አንድ ፋብሪካ ስብሰባ ክፍል ውስጥ ቆሜ መልስ እየፈለግኩ ነው። እስካሁን ጥሩ መልስ አላገኘሁም።

በአካውንቲንግ ተመርቄ ቤት ከተቀመጥኩ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አማካሪዬ ሆኗል፤ የሁሉም ምክር ደግሞ አንድ ነው፦ «ኮምቦልቻ ሞክር።» ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ጀምሮ ደሴ ላይ ዲግሪ የያዘ ሁሉ ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ ነው የሚውለው። እኔም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፌ ከረምኩ። «ለጀማሪ፣ የሥራ ልምድ ሁለት ዓመት» የሚለውን ጉድ ማንበብ እንኳ ለምጄዋለሁ።

ለዒድ ከአዲስ አበባ የመጣው የአክስቴ ልጅ አዘነልኝ። «አንተ ዛሬም ሰሌዳ ነው የምታነበው? ሥራ ፈላጊና ቀጣሪ የሚገናኙበት ሊንክድኢን የለህም?» አለና ስልኬን ተቀብሎ አቦሉ ሳይወርድ ከፍቶልኝ አረፈ። ከስም ሥር ራስን መግለጫ የምትጻፍባት መስመር 220 ፊደል ትይዛለች፤ እሱ አንዷንም አላስተረፈም። «ውጤት ተኮር የፋይናንስ ባለሙያ፣ በርካታ ሥራዎችን በአንድ ጊዜ የማከናወን ብቃትና የአመራር ክህሎት ያለው…» እያለ ይቀጥላል። እኔ እስከዛሬ የመራሁት ነገር ቢኖር ለዓረፋ የተገዛ በግ ነው፤ እሱም ግማሹን መንገድ እኔን መርቶኛል።

በማግስቱ ደግሞ ሥጋ ቤት ያለው የወንድሜ ሚዜ ገብቶ «የፋይናንስ ትንተና» የሚለውን ችሎታዬን አጸደቀልኝ። ከእሱ ጋር ያለን የፋይናንስ ግንኙነት ዱቤ ነው።

ወደ ፎቶው ልምጣ። ሱፍ የለበስኩበት ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ በታላቅ ወንድሜ ሰርግ ከዘመድ ጋር ተደርድረን የተነሳነው። የአክስቴ ልጅ «አብሽር» ብሎ ሰውን ከሰው መሃል ቆርጦ የሚያወጣ አፕ አወረደ። አፑ ሙሽሮቹን አጠፋ፣ ዳሱን አጠፋ፣ አጎቶቼን በሙሉ አጠፋ። ትከሻዬን የያዘችውን እጅ ግን የእኔ መስላው ተዋት።

እስቲ አስቡት። ሁለቱ እጆቼ ከፊት ተደራርበው በግልጽ ይታያሉ። ከቀኝ ትከሻዬ ኋላ ደግሞ አንዲት ሦስተኛ እጅ ብቅ ብላለች፤ ከአምባሯ ላይ ተቆርጣ። የሂናው ሐረግ ከአንጓዋ ተነስቶ እየተጠማዘዘ እስከ ጣቶቿ ጫፍ ወርዷል። መሃል ጣቷ ላይ ወርቅ ቀለበት። በሌባ ጣቷና በአውራ ጣቷ መሃል የተጨማደደ ሶፍት። ስልክ ላይ ግን ፎቶው ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ ክብ ስለሆነ ማንም አላያትም። ዙሪያውን «ለሥራ ክፍት ነኝ» የሚለው አረንጓዴ ቀለበት ተጨመረበትና ተለጠፈ። ሊንክድኢን ማይክሮሶፍት በ2016 እንደ ፈረንጆቹ 26.2 ቢሊዮን ዶላር ከፍሎ የገዛው ቤት ነው፤ እንዲህ ያለ ቤት ሰው ሦስት እጅ ይዞ ይገባል?

ብቻ ሠራ። ከአንድ ፋብሪካ «ፕሮፋይልህን አይተነዋል፣ ለቃለ መጠይቅ ቅረብ» የሚል መልእክት መጣ። ከሥሩ፦ «ኦርጅናልና ሁለት ኮፒ ይዘህ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካላልኩ ያንቀኛል። በኢንተርኔት አገኛችሁኝ፣ በኢንተርኔት ጠራችሁኝ፣ ዲግሪዬንም ፎቶ አንስቼ በኢንተርኔት ላኩላችሁ። ኮፒው ለምንድን ነው? ለዚያውም የስምንተኛ ክፍል ካርድ! ዲግሪ የያዘ ሰው ስምንተኛን በመስኮት ዘሎ ያለፈ ይመስላቸዋል? ፒያሳ ወርጄ መብራት የለም ተባልኩ፤ ጄኔሬተር ያለው ኮፒ ቤት ደግሞ ዋጋውን ሲነግረኝ ካርዱን ቁጭ ብዬ በእጄ ልገለብጠው ዳድቶኝ ነበር። ሥራ አጥን ለመቅጠር መጀመሪያ ኪሱን ማራቆት የግድ ነው መሰለኝ።

የቀጠሮው ዕለት በጦሳ ተራራ ብርድ ምክንያት ከሱፉ ሥር ሹራብ ደረብኩ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከእሷ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን በወረደ ቁጥር ሹራቡ ይሞቃል። ስደርስ ላቤ በጆሮ ግንዴ እየወረደ ነው። ማውለቅ ደግሞ አይቻልም፤ ከውስጥ ያለው ሸሚዝ የተተኮሰው ኮሌታው ብቻ ነው።

ጠያቂዎቹ ሦስት ናቸው፤ ሁለት ሰውዬዎችና አንዲት ሴት። ሌሊቱን ሙሉ የፋይናንስ ሪፖርት አዋጁን፣ ቁጥር 847/2006ን፣ ከነአንቀጹ ስሸመድድ ስላደርኩ ከአፌ ሊያመልጥ ደርሷል። እነሱ ግን ፕሮጀክተር አላቸው። ሴትዮዋ ፕሮፋይሌን ግድግዳው ላይ አበራችው። ቀጥላም፣ ለምን እንደሆነ አላህ ይወቅ፣ ፎቶውን ተጫነችው።

ግድግዳው ሞላ። ሂናው ቅጠል በቅጠል ይቆጠራል። ሶፍቱ ትራስ አክሏል።

ዝም ተባለ። መሃል የተቀመጡት ሰውዬ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ያንን ጥያቄም ጠየቁኝ።

«የዘመድ ናት» አልኩ።

«የትኛዋ ዘመድ?»

«ሰርግ ላይ ነው ጋሼ… ብዙ ነበርን።»

ዳር ያሉት ሰውዬ ወረቀታቸውን ገለጥ አድርገው «እዚህ በርካታ ሥራዎችን በአንድ ጊዜ እሠራለሁ ብለሃል» አሉ። «በሦስት እጅ ከሆነማ እናምንሃለን።»

ሁለቱ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሴትዮዋ ግን አልሳቀችም፤ ተነስታ ግድግዳው አጠገብ ሄዳ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየችና «ሂናው ግን ሲያምር! ደሴ ነው የተሠራው?» አለች። ስለ አዋጁ ማንም አልጠየቀኝም። «እንደውላለን» ተባልኩ። ይኸው እየደወሉ ነው።

ቤት ስገባ እማዬ ጉዳዩን ሰምታ ምርመራ ከፈተች። መጀመሪያ የጠረጠረችው እኔን ነው፤ «ንገረኝ፣ የማን ልጅ ናት?» እያለች። ወላሂ አላውቅም ብዬ ስምል ወደ ዘመድ ዞረች። በሶፍቱ ተነስታ ሰርግ በተባለ ቁጥር የምታለቅሰው ትንሿ አክስቴ ናት አለች። አክስቴ «እኔ የዚያን ቀን ሂና አልነካኝም» ብላ ካደች፤ አሁን እማዬና እሷ አይነጋገሩም። ፎቶውን እንዳልቀይረው ደግሞ እማዬ ከለከለችኝ፤ ማስረጃ ነው አለች።

አንድ ማታ ሊንክድኢን ጮኸ። ያቺ ጠያቂዬ ናት! ልቤ ቆመ። ከፈትኩት። «ሰላም ነው? እህቴ ልታገባ ነው። ሂና የሠራችውን ልጅ ስልክ ታገኝልኛለህ?»

አገኘሁላት። ሂና ሠሪዋ ለካ ከእኛ በታች ያለችው ጎረቤታችን ናት። ኮምቦልቻ ወርዳ ሙሽሪትን፣ ሚዜዎቹን፣ እናቲቱን ሠርታ፣ ለሌላ ሰርግ ቀብድ ተቀብላ ተመለሰች። ከዚያ ሰፈሩን ዞራ «የጎረቤቴ ልጅ በኢንተርኔት ሥራ ያስገባል» ብላ አወራች።

ትናንት አንዲት እናት የልጃቸውን ማስረጃ በላስቲክ ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ። ኦርጅናልና ሁለት ኮፒ፣ ከነስምንተኛ ክፍል ካርዱ።