ካቶ ሺዙኤ እና ሦስት ስም የሚጻፍበት ወረቀት

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጃፓናዊቷ የካቶ ሺዙኤ ስም ሲነሳ የሚወራው ስለ ወሊድ ቁጥጥር ነው። እንዴት ፓርላማ እንደገባች ግን ብዙም አይወራም፤ እዚያ ላይ ደግሞ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ ትልቅ ድርሻ አለው።

በ1897 ቶኪዮ ተወለደች። በ17 ዓመቷ ያገባችው ባሮን ኢሺሞቶ መሐንዲስ ስለነበር ኪዩሹ ወዳለው የሚኢኬ የከሰል ማዕድን ይዟት ሄደ። እዚያ ነፍሰ ጡር ሴቶች ጉድጓድ ወርደው ከሰል ሲጎትቱ አየች። በ1937 ታሰረች፤ በ1944 ከባሮኑ ተፋትታ የሠራተኛ ማኅበር መሪውን ካቶ ካንጁን አገባች።

በዲሴምበር 1945 ሕጉ ተሻሽሎ ሴቶች በ20 ዓመት እንዲመርጡ፣ በ25 እንዲመረጡ ተፈቀደ። በአፕሪል 10, 1946 ከተወዳደሩት 79 ሴቶች 39ኙ አሸነፉ፤ ከ466 መቀመጫ ማለት ነው። ካቶ በሶሻሊስት ፓርቲ በኩል አንዷ ነበረች።

አሁን ወረቀቱን እንየው። እኛ ከምልክቱ አጠገብ ኤክስ እናደርጋለን፤ ጃፓናዊው ግን የዕጩውን ስም በእጁ ይጽፋል። እስከ 10 መቀመጫ ባለው ምርጫ ክልል ሁለት ስም፣ 11 እና ከዚያ በላይ ባለው ሦስት ስም ይጻፍ ነበር። ጅማ ሂርማታ ገበያ ቡና እንደሚገዛ ሰው አስቡት። ለአንድ ኪሎ ብቻ ገንዘብ ያለው የሚያውቀውን ይዞ ይሄዳል፤ ሦስት ኪሎ የሚገዛ ግን አንዱን አዲስ ነገር ይሞክርበታል። ሁለተኛውና ሦስተኛው መስመር ለሴቶች በር የከፈተው እንዲህ ነው። እርግጥ ወረቀቱ ብቻውን አልሠራውም፤ ከቀድሞዎቹ ተመራጮች አብዛኞቹ ከጦርነቱ በኋላ አገሪቱን በያዙት አሜሪካኖች ትእዛዝ ታግደው ስለነበር ሜዳውም ሰፊ ነበር።

በ1947 ምርጫ ክልሎቹ ከ3 እስከ 5 መቀመጫ ብቻ ያላቸው ሆኑ፤ የሚጻፈውም አንድ ስም ሆነ። የሴቶቹ ቁጥር ወደ 15 ወረደ። ካቶ ያኔ አለፈች፤ በ1949 ግን ወደቀች፤ በ1950 በላይኛው ምክር ቤት ተመልሳ እስከ 1974 ቆየች።

የማያስመሰግናትም አለ። በ1947 ከባልደረቦቿ ጋር ያቀረበችው የዘር ጥበቃ ረቂቅ (ዘራቸው ጤናማ አይደለም የተባሉ ሰዎች እንዳይወልዱ የሚል) ሳይጸድቅ ቀረ። በ1948 በሌሎች እጅ ተስተካክሎ የጸደቀው ሕግ ግን ያለ ፈቃድ ማምከንን የሚፈቅድ ነበር፤ ያ ክፍል የተሰረዘው በ1996 ነው።

በታችኛው ምክር ቤት 39 የታለፈው በ2005 ሲሆን 43 ሴቶች ተመረጡ፤ ካቶ በ104 ዓመቷ ካረፈች አራት ዓመት ሊሞላ ሲል።